የአንሶላው መንገድ

ምን እንደምማር ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ አለኝ፤ መልሴን እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው ነው የጠፋው። የኢንዱስትሪ ምህንድስና ስል ሰዉ «እሰይ፣ ጎበዝ» ይልና ወሬ ይቀይራል። ታላቅ ወንድሜ ግን አይቀይርም። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከእሱ በፊት መብራት የነበረ አይመስለውም። ከግቢ በመጣሁ ቁጥር፣ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ፣ ቤት አትሠሪ፣ ድልድይ አትሠሪ፣ ማሽን አትፈቺ፣ ታዲያ አንቺ የምኑ መሐንዲስ ነሽ ይለኛል። እኔም ዝም የምል ልጅ አይደለሁም። አንተ አንድ አምፖል ለመስቀል ስንት ጊዜ ከመሰላል ትወርዳለህ ስለው ዓይኑን ጣሪያው ላይ ይተክላል። አንዴ መፍቻ ረስቶ፣ አንዴ ቴፕ ረስቶ፣ አንዴ አምፖሉን ራሱን ረስቶ ይወርዳል። የኔ ትምህርት ያቺ መውጣትና መውረድ ናት። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ከልፋቱ ውስጥ የቱ ሥራ እንደሆነ፣ የቱ ባዶ ድካም እንደሆነ መለየትና ድካሙን ማስቀረት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም አቀማመሱን። ብረት ስንት እንደሚሸከም፣ ውኃ በቧንቧ እንዴት እንደሚሄድ፣ ሙቀቱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ንድፉ፣ ሒሳቡ በላይ በላዩ። ከዚያ ምረጡ ተባልን። ውጤቴ የትኛውም ክፍል የሚያስገባኝ ነበር፤ ይሄን ስናገር አላፍርም፣ ለፍቼ ያመጣሁት ነው። ጓደኞቼ ወደ ሲቪልና ወደ መካኒካል ሲግተለተሉ እኔ ኢንዱስትሪን አንደኛ ምርጫዬ አድርጌ ሞላሁ። ቦታ ያጣ ሰው የሚገባበት ነው ይባል ነበር። እኔ ወድጄ ገባሁበት።

እናቴ የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ ላውንደሪ ነው። ከአራት ፎቅ የሚወርደውን አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የቀዶ ጥገና ካባ ሁሉ እሷና ጓደኞቿ ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ያጥፋሉ። እኔንም ወንድሜንም በዚያ አንሶላ ነው ያሳደገችን። አለቃ አይደለችም፤ ነገር ግን ከሁሉም ቀድማ የገባች ስለሆነች እሷ ያለችው ነው የሚሆነው። አንድ ጉልበቷ ያማታል፤ ለሰው ግን አትናገርም።

የመጨረሻ ዓመቴ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ወንድሜ ሻይ ቀድቶ ሰጣት፣ አልነካችውም። በስንት ጉትጎታ ነው የተናገረችው። ለቀዶ ጥገና ክፍሉ ንጹሕ ልብስ በሰዓቱ አልደረሰም ተብሎ ሐኪሞቹ ታካሚ አስተኝተው ጠብቀዋል፤ ለዚያውም ሲደጋገም። ስለዚህ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ላውንደሪውን ሊዘጉትና እጥበቱን ለውጭ ድርጅት ሊሰጡት ነው። ድርጅቱ የራሱ ሠራተኞች አሉት። እናቴ ለጡረታ ገና ናት፤ አዲስ ሥራ ለመቀጠር ደግሞ አልፏታል። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለችና ሻይዋን አንስታ ጠጣች።

ምን ይደረጋል የሚባል ነገር እኔ ፊት አይወራም። ደሜ ፈላ። መመረቂያ ፕሮጀክት እፈልግ የለ፤ አንድ የሥራ ቦታ ወስዳችሁ ችግሩን አግኙ፣ መፍትሔውን አሳዩ ተብለን የለ። ማግስቱን አማካሪዬ ቢሮ በር ላይ ተገኘሁ።

አማካሪዬን ተማሪው ቀይ እስክሪብቶ ይላቸዋል። ወረቀት ሲመልሱ ከተማሪው ጽሑፍ የእሳቸው ቀይ ይበልጣል። ነገሩን ሁሉ ዘርግፌ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እናትሽን ልትለኪ ነው ወይ አሉኝ። እናቴን ሳይሆን ሥራዋን ነው አልኳቸው። እሱን መለየት ከቻልሽማ ጎበዝ ነሽ አሉና ፈረሙልኝ። እኔ ምርቃት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ዳይሬክተሩም አላንገራገሩም። በነጻ የሚያጠናላቸው ሰው ተገኘ፣ ምን ይላሉ። ውጤቱን ብቻ ለእኔም ታደርሺልኛለሽ አሉኝ።

ሥራዬ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። የሩጫ ሰዓት ይዤ ሠራተኛው አጠገብ እቆማለሁ፤ አንዱ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ እይዛለሁ፤ ደጋግሜ ይዤ አማካዩን አወጣለሁ። ከዚያ ክፍሉ በቀን ስንት አንሶላ ማጠብ እንደሚችል ይታወቃል። የሚታጠበው ከሚችሉት በላይ ከሆነ ሰው ወይም ማሽን ይጨመር እላለሁ። ጨዋታው ይሄው ነው፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ወደ ላውንደሪው ስወርድ ሙቀቱ በሩ ላይ ነው የተቀበለኝ። በአንድ በኩል ማጠቢያዎቹ፣ በሌላ በኩል ማድረቂያዎቹ፣ መሐል ላይ ረጅም የማጠፊያ ጠረጴዛ። መስኮቱ ከጣሪያው ጋር የተጠጋ ስለሆነ የሚታየው በውጭ የሚያልፈው ሰው እግር ብቻ ነው። ተኳሿን ሁሉም እትዬ ካውያ ይላታል፤ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጋሪ እየገፋ በሊፍት የሚመላለሰው ሰውዬ ደግሞ ጋሽ ባቡር ነው። ሌሎቹም ከበቡኝ፣ ሳሙኝ፣ አገላብጠው አዩኝ። ኢንጂነራችን መጣች ተባለ። እናቴ ራቅ ብላ አንሶላ እያጠፈች፣ ከዓይኗ ስር ነበር የምታየኝ።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ፤ እኔም ሰዓቴን ተጫንኩ። ምን አለፋችሁ፣ እንደዚያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። እትዬ ካውያ ካውያዋን ስታሽከረክር እጇ አይታይም። እናቴ ከማጠቢያው ማድረቂያው፣ ከማድረቂያው ጠረጴዛው ትላለች፤ ያ ጉልበቷ የት እንደገባ እንጃ። ጋሽ ባቡር ጋሪውን እየሮጠ ነበር የሚገፋው። ለሳምንታት፣ ክፍል በሌለኝ ጊዜ ሁሉ፣ ጠዋትም ከሰዓትም እየሄድኩ ለካሁ። ጠዋት ብሄድ ሥራ አለ፣ ከሰዓት ብሄድ ሥራ አለ። አንድም ቀን እጃቸውን አጣጥፈው አላገኘኋቸውም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እነዚህን ነው ወይ አዘገዩ የሚሏቸው አልኩ በልቤ።

ሒሳቡን ስሠራ ክፍሉ ሆስፒታሉ ከሚፈልገው በላይ ማጠብ ይችላል የሚል ውጤት ወጣ። ዘለልኩ። ይሄ ወረቀት ያድናቸዋል ብዬ፣ ቀይ እስክሪብቶ ሳያዩት፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ይዤ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ዓይኔ እያየ አነበቡት። ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

«እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «እኔ አቅም ያንሳቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ ይችላሉ። እየቻሉ ካዘገዩ ስንፍና ነው ማለት ነው። ይሄን ከውሳኔው ጋር አያይዘዋለሁ።»

ክው አልኩ። አንድ ሁለት ቃል ልናገር ሞከርኩ፣ ስልካቸው ጠራ፣ በእጃቸው አሰናበቱኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳስበው ሒሳቡ ልክ ነው፣ እሳቸው የደረሱበትም ከሒሳቡ የሚከተል ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሠራ ሰው በምንም ተአምር ሊያረፍድ አይችልም። ግን ያረፍዳል። እንግዲያው አንድ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ማወቂያው ቀላል ነበር። ሌላ ጊዜ ስመጣ ቀድሜ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልተናገርኩም። ጠዋት፣ ክፍል ትቼ፣ በጀርባ ደረጃ ወረድኩና በሩን ገፋሁት።

ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። እናቴ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጣ ያን እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ታሻለች። እትዬ ካውያ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አሸልባለች። ልክ ሲያዩኝ ሁሉም በረገጉ። «መጣች!» አለች አንዷ። እናቴ ሳፋውን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ ተነሳች። እትዬ ካውያ ሮጣ ከመደርደሪያው ላይ የታጠፉ ንጹሕ አንሶላዎች አወረደችና ወደ ማጠቢያው ከተተች። ንጹሕ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ምን እያደረጋችሁ ነው አልኩ። ደግሜ ጠየቅኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሏል። መጨረሻ ላይ እትዬ ካውያ ናት በመሐረቧ ፊቷን እየጠረገች የተናዘዘችው። ለካስ ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ ነገር የለም። እኔ ስመጣ ግን የምለካው ነገር እንዳላጣ፣ ባዶ እጄን ተመልሼ ከትምህርቴ እንዳልወድቅ፣ የታጠበውን አውርደው መልሰው ያጥቡልኝ ነበር። ሩጫውም ለኔ ነው። ልጃችን ጥሩ ውጤት ታምጣ ተባብለው ተማምለዋል። እኔ ስወጣ ግማሾቹ እዚያው ወለሉ ላይ ይዘረጋሉ አሉ።

ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ያሸነፈው ግን ንዴቴ ነው። እየቻላችሁ ሰንፋችኋል ሊሏችሁ ነው አልኩ፤ ዳይሬክተሩ ያሉትን ሁሉ ነገርኳቸው። በገዛ እጃችሁ አንገታችሁ ላይ ገመድ አሰራችሁ አልኩ። እናንተ ብቻ ሳትሆኑ እኔም አሰርኩት አልኩ። እናቴ ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘችኝና ወደ ማድረቂያዎቹ ጀርባ ወሰደችኝ።

«ለውጤትሽ ብቻ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ስሠራ አይተሽኝ አታውቂም። ምድር ቤት ናት፣ ታጥባለች፣ ይሄን ብቻ ነው የምታውቂው። እዚህ ስትመጪ ጎበዝ ሆኜ እንድታይኝ ፈለግኩ። እኔም እኮ ሙያ አለኝ።»

አንጀቴን በላችው። ንዴቴ እዚያው ሟሟ። ግንባሯን ስሜያት ወጣሁ።

ቀይ እስክሪብቶ ይጮኹብኛል ብዬ ነበር የገባሁት። አልጮኹም። ሪፖርቱን አገላበጡት፣ እስክሪብቶውንም አላነሱም። ሰው እየታየ እንደሚሠራው ሳይታይ አይሠራም፣ ይሄን አስተምሬሽ ነበር አሉኝ። አዎ፣ በዚያ ጥያቄ ሙሉ ውጤት ነው ያመጣሁት አልኳቸው። እሱ ነው የሚገርመው አሉኝ። ከዚያ ያለኝን ምርጫ ነገሩኝ። ወይ ርዕስ ቀይሬ በሚቀጥለው ዓመት እመረቃለሁ፣ ወይ በቀረኝ ጊዜ ሌላ ነገር እለካለሁ።

«ሌላ ምን?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ። የማያውቅሽን ነገር።»

ርዕስ ብቀይር እኔ እተርፋለሁ፤ ሪፖርቱ ግን ዳይሬክተሩ እጅ ላይ ነው፣ እናቴ ደግሞ ትባረራለች። ስለዚህ ያ ምርጫ ለኔ ምርጫ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ስዞር፣ ስዞር፣ ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ የለም የሚለው ቃል አልለቀኝ አለ። አራት ፎቅ ሙሉ ሕመምተኛ ተኝቶ፣ አልጋው ሁሉ ሲነጋ እየተቀየረ፣ እንዴት ነው ጠዋት አንሶላ የማይኖረው? የት ሄዶ ነው? ሰዎቹን ስለካ ከርሜ አንድም ቀን አንሶላውን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ ላውንደሪው ውስጥ ሰዓት ይዤ አልቆምኩም። በየፎቁ ካሉት አንሶላዎች ጥቂት ጥቂቶቹን ለየሁና ቤት ወስጄ ጠርዛቸው ላይ ክር ሰፋሁባቸው፤ ለእያንዳንዱ ፎቅ የየራሱ ቀለም። ወንድሜ እቤት ሲያየኝ ይሄም ምህንድስና ሆነ ብሎ ሳቀብኝ፤ መርፌ ስሰካ ሲያይ ግን ክሩን እሱ ያሾልክልኝ ጀመር። እኔ ሰው አልከተልኩም፤ ክሩን ነው የተከተልኩት። ቀዩ ክር አሁን የት ነው? ሰማያዊውስ? አልጋ ላይ፣ ኮሪደር ላይ፣ ሊፍት በር ላይ፣ ማሽን ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ። ማንም እኔን አይቶ አልሮጠም፤ መሐል ኮሪደር ላይ ቆማ ስለ አንሶላ የምታስብ ልጅ ማን ልብ ይላታል።

ክሮቹ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። አንሶላ ከአልጋ የሚወርደው በጠዋት ነው፤ ግን ሐኪሞቹ ዞረው እስኪጨርሱ ኮሪደር ላይ ጋሪ አይነካም፣ ስለዚህ በየክፍሉ ጥግ ይከመራል። ዙሩ ሲያልቅ አራቱም ፎቅ በአንድ ጊዜ ይልካል። ያኔ ደግሞ ሊፍቱ የታካሚ ምሳ የሚያመላልስበት ሰዓት ነው። ጋሽ ባቡር ጋሪውን ይዞ ሊፍት በር ላይ ይቆማል፤ እዚያ ቆሞ ሲያንጎላጅ ስንት ቀን አየሁት። ጭነቱ ሁሉ ምድር ቤት የሚደርሰው ከምሳ በኋላ፣ በአንዴ፣ እንደ ጎርፍ ነው። እነእማዬ ጠዋት ሙሉ ባዶ ተቀምጠው ከሰዓት ይሰምጣሉ። እንደምንም ሲጨርሱት ደግሞ የጠያቂ ሰዓት ደርሶ ሊፍቱ በሰው ይሞላል፤ ንጹሑም መልሶ ይቆማል። አንድ አንሶላ ቀኑን የሚያሳልፈው ሲታጠብ አይደለም፣ ሲጠብቅ ነው። በሰው እጅ የሚያዘው ከቀኑ ጥቂቱን ብቻ ነው።

የዚህን ጊዜ ያየሁት ደስታ ሌላ ነው። ማንም አልሰነፈም፣ ማሽንም አላነሰም። እናቴ ሳፋ ላይ ተቀምጣ ያገኘኋትም ሥራ ጠልታ ሳይሆን ሥራው ሊፍት በር ላይ ስለቆመ ነው። መፍትሔው ለመናገር እንኳ ያሳፍራል። አንሶላው እንደ ተነሳ፣ ሐኪሞቹ ከመዞራቸው በፊት ይውረድ፤ ፎቆቹ በአንዴ ሳይሆን በተራ ይላኩ፤ ሊፍቱ በጠዋትና ጠያቂ ከመግባቱ በፊት የጋሪ ይሁን። ለዋና ነርሷ፣ ሲስተር ለሚሏት ቀጭን ሴትዮ፣ አስረዳኋት። መጀመሪያ ሥራ አበዛሽብኝ አለችኝ። የቆሸሸው አንሶላ በክፍሎቿ ጥግ እንደማይከመር ስነግራት ግን ቁጭ ብላ የፎቆቹን ተራ አብራኝ ታወጣ ጀመር።

ፕሮጀክቴን የምከላከልበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ሦስት ገምጋሚዎች፣ ቀይ እስክሪብቶና በእንግድነት የመጡት ዳይሬክተር ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገልጬ ይሄ ውጤት ትክክል አይደለም፣ ማንም እንዳይጠቀምበት አልኩ። ለምን እንዳልሆነም ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሩጫውን፣ ንጹሕ አንሶላ መታጠቡን፣ ከሠራተኞቹ አንዷ እናቴ መሆኗን። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አንደኛው ገምጋሚ የማይረባ ምዕራፍ ከሆነ ለምን አልጣልሽውም አሉኝ። አንድ ቅጂው ሰው እጅ ስላለ ነው አልኩና ወደ ዳይሬክተሩ አየሁ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ክሮቹን አሳየሁ። የአንሶላውን መንገድ ሰሌዳው ላይ ከአልጋ እስከ አልጋ ስዬ፣ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ አጠቆርኩት። ጥቁሩ ከነጩ በዝቶ ሰሌዳውን ሞላው። ስጨርስ ዳይሬክተሩ እጃቸውን አነሱ።

«በመጀመሪያው ጊዜ ለአንቺ ብለው ሮጠዋል» አሉ። «አሁንስ ለአንቺ ብለው እንዳልዘገዩ በምን አውቃለሁ?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። እኔም ስጠብቀው ነበር።

«ይሩጡ፣ ይዘግዩ፣ እንደፈለጉ ያድርጉ» አልኳቸው። «እነሱ ቢሮጡም አንሶላው ሊፍት በር ላይ ነው የቆመው። ሊፍቱ ጋ እናቴ የለችም። እርስዎ የሚቀጥሩት ድርጅት ቢመጣም ጋሪው የሚቆመው እዚያው በር ላይ ነው።»

ዳይሬክተሩ ሰሌዳውን አዩ። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ያሳዩአቸውን ያያሉ። ውሉን ለሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ፣ ይሞከር አሉ። ቀይ እስክሪብቶ ግን እዚያው አንድ ነገር ጨመሩ። ሙከራው እስኪያልቅ እኔ በሆስፒታሉ ደጅ እንዳላልፍ፤ ውጤቴም ከሙከራው ጋር አብሮ እንዲወጣ። ያን ጊዜ ስንት ነገር በልቤ አልኳቸው፤ ልክ ግን ናቸው።

ሁለት ሳምንት እቤት መቀመጥ ለኔ እስር ነው። እናቴ ማታ ስትመጣ ፊቷን አነባለሁ፣ ምንም የለበትም። ዛሬስ ስላት ደህና ነው ትላለች፤ ስለ ሥራ እንዳታናግሪያት ተብያለሁ ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ እየሳቀች ወደ ጓዳ ትገባለች። ወንድሜ ሳይቀር ተጨነቀ። ሊፍቱ ቢበላሽስ እያለ የራሱን ጭንቀት ይደርብብኛል። አንድ ቀን የሕፃናት ክፍሉ ተራውን ረስቶ ሁሉንም በአንዴ እንደላከ ከእናቴ አፍ አመለጠ። ሲስተር ግን እዚያው ፎቁ ድረስ ወጥታ ልክ ልካቸውን ነግራቸው ኖሯል፤ ይሄን የሰማሁት በኋላ ነው።

ሁለቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ስልኩ ሲደወል እጄ ላይ ሳሙና ነበር። ቀይ እስክሪብቶ ናቸው። ቀዶ ጥገና ክፍሉ አንድም ቀን አልጠበቀም። ዳይሬክተሩ ውሉን ትተውታል፤ የእጥበቱ ሥራ እዚያው፣ በሠራተኞቹ እጅ ይቆያል። ውጤቴንም ነገሩኝ፤ ከክፍሉ አንደኛ ነው። «የመጀመሪያው ምዕራፍሽ ላይ ቀይ አልነካሁም» አሉኝ፣ «ራስሽ ቀድመሽኛል።» እንደ ሕፃን ጮኼ ወንድሜን አቀፍኩት፤ ሸሚዙን በሳሙና አበላሸሁት። እሱም የምኑ መሐንዲስ ነሽ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰዓቴን ትቼ፣ ማንም ሳይጠብቀኝ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ማሽኖቹ እየዞሩ ነው። እትዬ ካውያ ትተኩሳለች፤ እጇ ሲሄድ ይታያል፣ አንዳንዴ ቆም ብላ ወገቧን ትይዛለች። ማንም አልበረገገም። እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ታጥፋለች። አንዱን አንሶላ አጥፋ፣ በመዳፏ ዳብሳ፣ ከሌላው ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ጉልበቷ ጎንበስ ብላ አሸችው። አየችኝ፣ እጇን ግን ከጉልበቷ ላይ አላነሳችም።

«መጣሽ?» አለችኝ። «ነይ ያዢልኝ።»

ከጋሪው ላይ አንሶላ አነሳች። ሁለቱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሁለቱን እሷ። እኔ የለመደብኝን ፈጠን ብዬ ሳብኩት፤ አንሶላው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ቀስ ብላ፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ጎንበስ አለችና አነሳችው። ጫፉን መልሳ ሰጠችኝ።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «ማንም አያየንም።»